የወርቅና የብር ጥራት፤ ምስክሩ ማን ነው?

የሰው ልጅ ገንዘቡን አውጥቶ ከሚገዛቸው ነገሮች ሁሉ እንደ ጌጥ ለማታለል የተመቸ ነገር በቀላሉ አይገኝም። እህል የሚገዛ ሰው በእጁ ዘግኖ ያየዋል፤ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ከፍቶ፣ ትከሻውን ዳስሶ፣ አራምዶም ይመረምረዋል፤ ሸማ የሚገዛ ሰው በብርሃን ላይ ዘርግቶ ድሩንና ማጉን ይለያል። ወርቅና ብር ግን ውስጣቸው በላያቸው ተሸፍኖ ስለሚኖር፣ ገዢው የሚያየው ብልጭታውን ብቻ ነው። መዳብም ሲወለወል ያበራል፤ ወርቅ የተቀባ ናስም ለጥቂት ወራት ከወርቅ አይለይም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ጌጥ ገዢ ከዐይኑ ሌላ ምስክር ሲፈልግ ኖሯል። ይህ ምስክር በጎጃም አገር ማን እንደ ነበረ፣ እንዴትም ከገበያ እንደ ወጣ፣ ዛሬስ በምን እንደ ተተካ መግለጽ የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ነገሩን ከደብረ ኤልያስ እንጀምር። ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኝ፣ ወረዳዋም በደቡብ በኩል ዓባይን የሚዋሰን፣ በቅኔ ትምህርት ስሟ የተጠራ አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ቆሎውን ይዞ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከሩቅ አገር ወደዚያ የሚሄደው ሰምንና ወርቅን ለይቶ ለማወቅ ነው። ሰም የሚባለው በላይ በላዩ የሚሰማው ቃል ነው፤ ወርቅ የሚባለው ከሥሩ የተሰወረው ምስጢር ነው። ይህ ስያሜ የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ የጌጡን መልክ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያሞቀዋል። ሰሙ ቀልጦ ሲፈስ በውስጥ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ የቀለጠውም ወርቅ በዚያ ባዶ ቦታ ይገባና የሰሙን መልክ ይይዛል። አንጥረኛ የሚለው ስም ራሱ ማንጠር ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ባልትና የምታውቅ እመቤት ቅቤን አንጥራ አተላውን ከንጹሑ እንደምትለይ፣ አንጥረኛም በእሳት ወርቁን ከእድፉ ይለያል። እንግዴህ ሊቃውንቱ ከፍ ላለው ጥበባቸው ስም ሲፈልጉ ያገኙት በወናፍና በከሰል መካከል ነው ማለት ነው።

ወርቅ ወደ ጎጃም ከየት ይመጣ ነበር ቢባል፣ ብዙው ከዓባይ ማዶ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ከየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በደቡብ ኢትዮጵያ ንግድ ላይ ታላቅ ስም ነበረው። ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም ተቀምጦ ይህን ገበያ ተመልክቶ ጽፏል። ነጋድያን ዓባይን ተሻግረው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ዝባድ ያመጡ ነበር፤ ከዚህም ጋራ ሰው እንደ ዕቃ ተሰልፎ ይሸጥ እንደ ነበር መሰወር አይገባም። ለጥቃቅኑ ግብይት አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። ወርቅ ግን በወቄት ይመዘን ነበር። በብዙ ስፍራ የአንድ ወቄት ክብደት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነው፤ የዚህም እኩሌታ አላድ ይባል ነበር። ስለዚህ ጠገራ ብር ዋጋ መክፈያ ብቻ ሳይሆን በሚዛኑ ላይ ደንጊያም ሆኖ ይቀመጥ ነበር።

ጠገራ ብር ምንድር ነው? በእኛ አገር ማርያ ትሬዛ የሚባለው የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ያለበት ብር ነው። ንግሥቲቱ ከ1740 እስከ 1780 በአውሮፓ አቆጣጠር ነግሣ በኅዳር ወር 1780 ሞተች። ነገር ግን ብሯ በቀይ ባሕርና በአረብ አገር ነጋድያን ዘንድ እጅግ የተወደደ ስለ ነበር፣ ከሞተች በኋላም 1780 የሚለውን ቁጥር ሳይለውጡ ይቀርጹት ጀመር። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል። ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ አንዱ እጅ መዳብ ነው፤ ይኸውም ከሺህ 833 መሆኑ ነው። በጠርዙም ዙሪያ ጎላ ያለ የላቲን ጽሑፍ አለበት፤ ትርጓሜውም ፍትሕና ርኅራኄ ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ለጌጥ ብቻ የተቀረጸ አይደለም። በዚያ ዘመን ሌቦች የብሩን ጠርዝ በወረንጦና በሞረድ እየቀረፉ ፍርፋሪውን ያከማቹ ስለ ነበር፣ ጠርዙ ከተነካ ጽሑፉ ወዲያው ይጎድላል።

የአገራችን ገበሬና ነጋዴ ላቲን ባያነብም፣ ብሩን መመርመር ግን አሳምሮ ያውቅ ነበር። በየዘመኑ የመጡ መንገደኞች እንደ ጻፉት፣ ተቀባዩ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ የሚታዩትን የሉል ነጥቦች እየቈጠረ ይመለከት ነበር፤ ነጥቡ የፈዘዘውን ወይም የተላጨውን ብር አልቀበልም ይላል። ሌላው ደግሞ በደንጊያ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል። ይህን የሚመለከት የውጭ አገር ሰው ግትርነት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ፊደል ያልቈጠረ ሰው ከማያውቀው አገር የመጣን ብር ለመፈተን ያበጀው እውነተኛ ዘዴ ይህ ነበር።

አሁን ወደ ጌጡ እንመለስ። በጎጃም አንዲት ሴት የአንገት መስቀል፣ ድሪ፣ ጉትቻ፣ አምባር ወይም አልቦ ስታሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሱቅ የተዘጋጀ አትገዛም። ጠገራ ብሯን ቈጥራ ወደ አንጥረኛው ቤት ትወስዳለች፤ ወይም ባሏና አባቷ ይወስዱላታል። አንጥረኛው ያንኑ ብር በሸክላ አድርጎ በወናፍ እያናፋ ያቀልጠዋል፤ በመስፍ ላይ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፤ እንደ ክር አቅጥኖም ይጎትተዋል። ሲያልቅ ጌጡ በሚዛኑ አንድ ወገን፣ ብር በሌላው ወገን ይቀመጣል። እሳት የሚበላው ጥቂት ጉድለት ይታሰብለታል፤ የእጅ ዋጋውም ለብቻው ይከፈላል። እንግዲህ የጌጡ ጥራት የብሩ ጥራት ነው፤ የጌጡም ክብደት የብሩ ክብደት ነው። ምስክሩ ሦስት ነበር ማለት ነው፤ አንደኛ ብሩ ራሱ፣ ሁለተኛ ሚዛኑ፣ ሦስተኛም በዚያው ደብር ጎረቤት ሆኖ የሚኖረው፣ ቢያታልል ነገ መሸሻ የሌለው አንጥረኛ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? ጌጥ በዚያን ዘመን ለውበት ብቻ የሚደረግ አልነበረም። ባንክ በሌለበት አገር የሴት ገንዘቧ በአንገቷና በእጇ ላይ ነበር። ባል ሲሞት፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ዝናብ ሲቀርና ክፉ ቀን ሲመጣ፣ አልቦዋን አውልቃ እህል ትሸምትበታለች። ያን ጊዜ ጌጡ መዳብ የበዛበት ሆኖ ቢገኝ፣ ጕዳቱ የውበት ጕዳት አይደለም፤ የልጆች ጕሮሮ ነው። የጌጥን ጥራት ማወቅ የቅንጦት ዕውቀት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ይህን ቢያስብ ይበቃዋል።

በኋላም ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ብር በፓሪስ አስቀረጹ። የ1887 ዓ.ም. ቁጥር ያለበት የምኒልክ ብር ክብደቱ ከጠገራው ጋራ የተካከለ ነው፤ የብሩ ጥራት ደግሞ ከሺህ 835 ስለ ሆነ ከጠገራው እንኳ በጥቂት ይበልጣል። ይሁን እንጂ ገበሬው ለብዙ ዘመን የለመደውን የንግሥቲቱን ብር ይመርጥ ነበር። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ጥራት ብቻውን አይበቃም፤ ጥራቱን ሰው ሁሉ የሚያውቅበት ምልክት ያስፈልገዋል። የታመነ ምልክት ደግሞ በአንድ ትውልድ አይገኝም።

በዚህ መካከል ስለ አንጥረኛው ሳንናገር ብናልፍ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ሕዝቡ የአንጥረኛውን መስቀል በአንገቱ አስሮ ይስም ነበር፤ ሠሪውን ግን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ ይንቀው፣ ከእርሱም ጋራ መጋባትን ይጸየፍ ነበር። ሊቁ ለቅኔው ስም የተበደረው ከአንጥረኛ ቤት ሆኖ ሳለ፣ ለአበዳሪው የተከፈለው ስድብ ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው ተረት ለማን ይስማማል ቢባል፣ ለዚህ ይስማማል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው በሙያው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። ዐዋጁ ልማዱን በአንድ ጊዜ አላጠፋውም። ነገር ግን ጥራትን ከአንጥረኛ የሚፈልግ አገር አስቀድሞ ለአንጥረኛው ክብር መስጠት እንዳለበት የተነገረበት ቃል በመሆኑ ሊታወስ ይገባዋል። የተናቀ ሠራተኛ ልጁን ሙያውን አያስተምርም፤ ሙያው ሲጠፋም ገዢው የሚያውቀውንና የሚጠይቀውን ሠሪ አጥቶ ለማያውቀው ነጋዴ ይጋለጣል።

ከዚያ በኋላ የምስክሩ ነገር ተለወጠ። ጣልያን ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ በ1935 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የጠገራውን መቅረጫ ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮማ ይቀርጽ ጀመር፤ ለንደንና ፓሪስም ተከተሉ። ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የገንዘብ ሕግ ወጥቶ የወረቀት ገንዘብ ሲጸና፣ ጠገራ ብር ከሕጋዊ ገንዘብነቱ ተሰናበተ። ለመንግሥት ሥራና ለንግድ ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ በአህያ ይጫን የነበረው ገንዘብ በኪስ ተያዘ። ለጌጥ ገዢ ግን አንድ ነገር ጐደለበት። ወረቀት አይቀልጥም። ገዢው ምስክሩን በእጁ ይዞ ወደ አንጥረኛ መሄዱ ቀስ በቀስ ቀረ፤ ጥራቱ ያልታወቀ ጌጥ ከመስኮት ውስጥ አይቶ፣ የሻጩን ቃል አምኖ መግዛት ተጀመረ። ጠገራው በሣጥን ተቀመጠ፤ ብዙውም ቀልጦ ጌጥ ሆነ፤ ከእርሱ የተሠሩት መስቀሎች እስከ ዛሬ በየቤቱ ይገኛሉ።

ክቡራን አንባብያን፤ ዛሬ በጠገራው ቦታ የተተካው ምስክር ቁጥር ነው። ወርቅ በ24 እጅ ተከፍሎ ይታሰባል፤ 24 ካራት ማለት ንጹሕ ወርቅ ነው። በአገራችን ወርቅ ቤቶች አዘውትሮ የሚሰማው 18 ካራት፣ ከ24ቱ እጅ 18ቱ ወርቅ፣ የቀረው ስድስት እጅ መዳብና ብር የመሳሰለው ነው፤ በጌጡ ላይ 750 ተብሎ ይታተማል። 21 ካራት 875፣ 22 ካራት 916፣ 14 ካራት 585 ይባላል። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ስለ ሆነ ሌላ ብረት መግባቱ ማጭበርበር አይደለም፤ ማጭበርበር የሚሆነው የገባው ሳይነገር ሲቀር ነው። ለብርም 925 የሚል ቁጥር የታወቀ ነው። እንግሊዞች ይህን የብር መጠን በሕግ ያጸኑት በ1300፣ በንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ዘመን ነው፤ የተመረመረውም ዕቃ የነብር ራስ ምልክት እንዲታተምበት አዘዙ። ምልክቱን የሚያትመው ግን ሻጩ ሳይሆን መርማሪው ነው፤ የምልክት ኀይል ያለው በዚህ ላይ ነው።

ማኅተሙን የሚጠራጠር ሰው ሦስት ጥንታውያን መፈተኛዎች አሉት።

አንደኛው ጥቁር ድንጋይ ነው። ጌጡን በድንጋዩ ላይ ሲያሹት መሥመር ይተዋል፤ በአጠገቡ ጥራቱ የታወቀ ወርቅ ይታሻል፤ ሁለቱ መሥመሮች በቀለማቸው፣ አሲድ ሲነካቸውም በመቈየታቸው ይተያያሉ። ይህን ባለሙያ ያድርገው።

ሁለተኛው ውሃ ነው። የግሪኩ ሊቅ አርኪሜዲስ፣ የንጉሥ ሂሮን ዘውድ ብር ተቀላቅሎበት እንደ ሆነ በውሃ እንደ መረመረ ይተረካል። ምስጢሩ ቀላል ነው። አንድ ኩብ ሴንቲሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ይመዝናል፤ ያው መጠን ብር 10.5፣ መዳብ 9 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ወቄት ንጹሕ ወርቅ ውሃ በተመላ ዕቃ ውስጥ ቢገባ የሚያፈሰው ውሃ አንድ ተኩል ኩብ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ አንድ ወቄት ብር ግን ከሁለት ተኩል በላይ ያፈሳል። ይህም ፈተና ወሰን አለው፤ ተንግስተን የሚባለው ብረት ክብደቱ ከወርቅ ጋራ ስለሚካከል፣ በውስጡ ተሸሽጎ ውሃውን ሊያታልል ይችላል።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። ሚዛኑን ገዢው ራሱ እያየ ያስመዝን፤ በጌጡ ላይ ፈርጥ ቢኖር ፈርጡ ከወርቁ ጋራ በወርቅ ዋጋ እንዳይታሰብበት ይጠይቅ።

ፈርጥ ካነሣን ስለ አልማዝም ጥቂት እንበል፤ ዛሬ በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ለጋብቻ ከሚገዙት ወይም ከሚልኩት ቀለበት አንዳንዱ አልማዝ ያለበት ነውና። በዚህ ላይ ካራት የሚለው ቃል ኅብር ሆኖ ያሳስታል፤ በወርቅ ጥራት ነው፤ በአልማዝ ግን ክብደት ነው፤ አንድ ካራት የግራም አምስተኛ እጅ ነው። የአልማዝ ጥራት ሌላ መለኪያ አለው። አልማዝ በምድር ሆድ በታላቅ ሙቀትና ጫና ሲፈጠር በውስጡ ጥቃቅን ነጥብ፣ ስንጥቅና ደመና የመሰለ ነገር ይቀርበታል። መርማሪው ዐሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር አይቶ ደረጃ ይሰጠዋል። በ1953 በአውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም የተዘጋጀው ዘዴ እየዳበረ መጥቶ ደረጃዎቹ ዐሥራ አንድ ናቸው፤ በመነጽርም ምንም ከማይታይበት ተነሥቶ፣ ነቁጡ ያለ መነጽር እስከሚታይበት ይደርሳል። ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ይህ ነው፤ በመነጽር ብቻ የሚታይ ነቁጥ በጣት ላይ ያለውን ውበት አይቀንስም፤ ዋጋውን ግን እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ በመካከለኛው ደረጃ ያለውን የሚመርጥ ሰው ተታለለ አይባልም። የተታለለ የሚባለው ለላይኛው ደረጃ ከፍሎ የታችኛውን ይዞ የሄደው ነው። ደረጃውም በሻጩ አፍ ሳይሆን፣ ነጻ መርማሪ በሰጠው ወረቀት ይታወቅ።

አልማዝ ከሩቅ የሚመጣ ነው፤ የከበረ ድንጋይ ግን በራሳችንም አገር አለ። በሰሜን ሸዋ በመዘዞ አካባቢ፣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በወሎ በደላንታ፣ በወገል ጤና አጠገብ የተገኘው ኦፓል በዓለም ገበያ ስም አግኝቷል። የደላንታው ኦፓል አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ሲጠጣ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ የቀለሙ ጨዋታ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ቀለምም ይጠጣል፤ ስለዚህ አንዳንዶች በቀለም እየነከሩ ወይም በጢስ እያጠቈሩ የሌላ ዐይነት አስመስለው ይሸጡታል። ይህን ድንጋይ የሚገዛ ሰው ደርቆ ሳለ ይየው፤ ቀለም ወይም ጢስ ገብቶበት እንደ ሆነም ይጠይቅ። በቤትም ከዘይትና ከሽቱ ያርቀው።

እንግዴህ ነገሩን ስንጠቀልለው እንዲህ ነው። አያቶቻችን ሳይንስ ሳይማሩ አንድ ታላቅ ነገር ዐውቀዋል፤ ጥራት በዐይን አይፈረድም፤ በምስክር ይፈረዳል። ምስክሩ ጠገራ በነበረ ጊዜ ጠገራውን መረመሩ፤ ነጥቡን ቈጠሩ፤ ድምፁን ሰሙ። እኛም ምስክሩ ቁጥር፣ ማኅተምና ወረቀት በሆነበት ዘመን ስንት ካራት ነው፣ ስንት ግራም ነው፣ ማን መረመረው ብለን መጠየቅን እንደ ነውር አንቍጠረው። ሲገዙ ደረሰኝ ማስጻፍ፣ በደረሰኙም ላይ ካራቱንና ክብደቱን ማስፈር የሰውን ቃል መናቅ አይደለም። ታማኝ ሻጭ በጥያቄ አይቈጣም፤ ጥያቄ ያከብረዋል እንጂ።

በቤታችሁም ከእናት ወይም ከአያት የወረሳችሁት የብር መስቀል፣ ድሪ ወይም አልቦ ቢኖር፣ በአዲስ ጌጥ ለመለወጥ ወይም ለማስቀለጥ ከመቸኰላችሁ በፊት ባለሙያ አሳዩት። ከስድስት እጅ አምስቱ ብር የሆነው ጠገራ በአንድ ጎጃሜ አንጥረኛ እጅ አልፎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የብሩ ዋጋ በሚዛን ይታወቃል፤ የዚያ እጅ ዋጋ ግን አንዴ ከቀለጠ በኋላ በማናቸውም ሚዛን አይመለስም።